ሰባቱ ከተሰቀሉ በኋላ፦ የጃፓን ይቅርታ ለምን አያልቅም?

ጠያቂው ባጭሩ እንዲህ ብለዋል፦ «በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንድ የጃፓን ሚኒስትር አንድ መቅደስ ሄዶ ሰገደ ይባላል፤ ቻይናና ኮሪያ ይቆጣሉ። ጦርነቱ ካለቀ 80 ዓመት ሞላው። ወንጀለኞቹ ተፈርዶባቸው ተሰቅለዋል። ጀርመን ይቅርታ ጠይቃ ተገላግላለች። ጃፓንን ምን ነክቷት ነው ይቅርታ መጠየቅ ያቃታት?»

ይህን ታሪክ ሳስተምር ጥያቄው ሳይነሳ ያለፈ ዓመት አላስታውስም። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ያቃታት» የምትለዋን ቃል ላንሳ። ጃፓን ይቅርታ ጠይቃለች፤ ያውም ደጋግማ። በ1993 የካቢኔ ዋና ጸሐፊው ኮኖ ዮሄይ በጃፓን ጦር ለወሲብ ባርነት የተዳረጉትን ሴቶች መንግሥታቸውን ወክለው ይቅርታ ጠየቁ። በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ሙራያማ ቶሚኢቺ ቅኝ አገዛዝና ወረራ መሆኑን በስሙ ጠርተው መጸጸታቸውን ተናገሩ። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ደግመውታል። የይቅርታ ቃል አልጠፋም። የጠፋው ባለቤቱ ነው። ማን ነው ያጠፋው? እዚህ ላይ ሲደረስ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላሳይ። ሂሮሺማ ውስጥ አቶሚክ ቦምቡ ለፈጃቸው ሰዎች በ1952 የቆመ የድንጋይ መታሰቢያ አለ። ላዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ሙታኑን «በሰላም ዕረፉ» ይልና ቀጥሎ ስህተቱ ዳግም እንደማይፈጸም ይናገራል። እዚህ ጋ አማርኛው ያስቸግረኛል። በእኛ ቋንቋ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ያጋልጣል። «አንደግመውም» ካልኩ እኛ ነን። «አይደግሙትም» ካልኩ እነሱ ናቸው። «አይደገምም» ብዬ ባመልጥ ደግሞ ደጋሚው ከነጭራሹ ይጠፋል። ጃፓንኛው ከሦስቱም አይደለም። የማይደግም አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አልተነገረም። የሰዋስው ስህተት የለበትም። ጃፓንኛ ባለቤቱን መዝለል ይፈቅዳል።

በዚያው ዓመት አንድ ህንዳዊ ዳኛ እዚያ መታሰቢያ ፊት ቆሙና ጽሑፉ ሲተረጎምላቸው ተቆጡ። የማን ስህተት ነው? ቦምቡን የጣሉት ጃፓኖች ናቸው እንዴ? ራዳቢኖድ ፓል ይባላሉ፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። ከተማዋ እስከ ዛሬ የምትሰጠው መልስ «የሰው ልጅ ሁሉ» የሚል ነው። መልሱ ያምራል። ግን የሰው ልጅ ሁሉ ካጠፋ ማን ይከሰሳል?

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። አሸናፊዎቹ አገሮች የጃፓንን መሪዎች በጦር ወንጀል የዳኙበት የቶኪዮው ችሎት ግንቦት 3 ቀን 1946 ኢቺጋያ በሚባል ሰፈር፣ የቀድሞው ጦር ሚኒስቴር ሕንፃ ውስጥ ተከፈተ። 28 ተከሳሾች ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ኦካዋ ሹሜይ የተባለው ተከሳሽ ፊቱ የተቀመጠውን የጦርነቱን ጠቅላይ ሚኒስትር የቶጆ ሂዴኪን መላጣ በመዳፉ ጠፍ አደረገውና ችሎቱን ግራ አጋባው። ኦካዋ አእምሮው ታሟል ተብሎ ከክሱ ወጣ። ሁለቱ በችሎቱ መሀል ሞቱ። በቀሩት 25 ላይ በኅዳር 1948 ተፈረደባቸው፤ ሰባቱ በስቅላት።

የተከሰሱት ሳይሆኑ ያልተከሰሱት ናቸው እስከ ዛሬ የሚያጨቃጭቁን። ትልቁ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጦርነቱ በሂሮሂቶ ስም ታወጀ። ወታደሩ በስማቸው ሞተ፣ በስማቸውም ገደለ። ግን ከሽንፈቱ በኋላ ጃፓንን ይገዙ የነበሩት አሜሪካዊው ጄኔራል ማካርተር በጥር 1946 ለዋሽንግተን ባስተላለፉት ቴሌግራም ንጉሡ ቢነኩ አገሪቱ ትታመሳለች፣ ለማረጋጋትም አንድ ሚሊዮን ወታደር ሊያስፈልግ ይችላል አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ትያትር ይመስላል። በ1947 የመጨረሻ ቀን ቶጆ ለምስክርነት ቆሞ ሳለ አፉ አመለጠው። የግርማዊነታቸውን ፈቃድ የሚጥስ አንድም ጃፓናዊ የለም አለ። የችሎቱ ሰብሳቢ አውስትራሊያዊው ዊልያም ዌብ የመልሱ ትርጉም ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ቶጆ ከንጉሡ ፈቃድ ውጪ ካልሠራ ጦርነቱ የማን ፈቃድ ሆነ ማለት ነው? አቃቤ ሕጉ ጆሴፍ ኪናን ደነገጡ። በመካከለኛ ሰዎች በኩል ለቶጆ ወደ እስር ቤቱ መልእክት ተላከ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥር 6፣ ኪናን ጥያቄውን ዞር አድርገው ጠየቁት። ቶጆም ዞር አድርጎ መለሰ፤ ንጉሡ ጦርነቱን የተቀበሉት በአማካሪዎቻቸው ውትወታ፣ ሳይወዱ በግድ ነው አለ። ከሳሽና ተከሳሽ ተመካክረው ሦስተኛ ሰው ሲያድኑ አስቡት። ቶጆ ይህን ሲናገር ወደ ገመዱ እየሄደ መሆኑን ያውቃል። ለጌታው የሰጠው የመጨረሻ አገልግሎት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ዩኒት 731 ነው። በቻይናዋ ሃርቢን ከተማ አጠገብ በሕይወት ባሉ እስረኞች ላይ የበሽታ ጦር መሣሪያ ይሞክር የነበረው ክፍል። አዛዡ ሐኪሙ ኢሺ ሺሮ የምርምር ውጤቱን ለአሜሪካኖች ሰጠ፤ በለውጡ አልተከሰሰም። አልጋው ላይ ሞተ። ስለዚህ ሰው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ደሜን ስለሚያፈላው ግን ልለፈው።

ሦስተኛው ሰው ሳይሆን ሕዝብ ነው። ከ11ዱ ዳኞች ከእስያ የመጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከቻይና፣ ከህንድና ከፊሊፒንስ። ኢንዶኔዥያን የወከለችው ኔዘርላንድስ ናት፤ ቬትናምን ፈረንሳይ። ኮሪያ ዳኛም አቃቤ ሕግም አልነበራትም። ውጤቱን በአንድ ጉዳይ ማየት ይቻላል። የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ጃቫ ላይ ሴማራንግ በተባለች ከተማ የሆላንድ ሴቶችን ለወሲብ ባርነት ያስገደዱ መኮንኖችን በ1948 ቀጣ፤ አንዱ ተገደለ። ከእነሱ በብዙ እጥፍ ለሚበልጡት የእስያ ሴቶች ግን ጠያቂ አልተገኘም። ኪም ሃክሱን የተባሉ ኮሪያዊት በነሐሴ 1991 ካሜራ ፊት ቀርበው «እኔ ነበርኩ» እስኪሉ ድረስ 43 ዓመት አለፈ።

ሰባቱ የተሰቀሉት ታኅሣሥ 23 ቀን 1948 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሱጋሞ እስር ቤት ነው። ቀኑ የያኔው ልጅ ልዑል የአኪሂቶ ልደት ነበር። ሬሳቸው ዮኮሃማ ላይ ተቃጠለ። መቃብራቸው መሳለሚያ እንዳይሆን አመዱን አንድ አሜሪካዊ መኮንን ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሆኖ ውቅያኖስ ላይ በተነው፤ ይህ የታወቀው ሰነዱ በ2021 ይፋ ሲሆን ነው።

በማግሥቱስ? በማግሥቱ ከዚያው እስር ቤት በር ተከፈተና ኪሺ ኖቡሱኬ ወጣ። በቶጆ ካቢኔ ውስጥ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር ነበር፤ ከዚያ በፊት ጃፓን የያዘቻትን የሰሜን ምሥራቅ ቻይናዋን የማንቹሪያን ኢኮኖሚ በግዳጅ ጉልበት ካደራጁት አንዱ ነው። ሦስት ዓመት ታስሮ ሳይከሰስ ተፈታ። በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የኋለኛው ጠቅላይ ሚኒስትር የአቤ ሺንዞ አያት ነው። ካያ ኦኪኖሪ የተባለው ደግሞ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1955 ተፈታ፣ በ1963 ሚኒስትር ሆነ። የምን ሚኒስትር? የፍትሕ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቻይና በኮሙኒስቶች እጅ ገባች፤ ኮሪያ ላይ ጦርነት ተጀመረ። አሜሪካ ጃፓንን ከቅጣት ይልቅ ለጦር ሰፈር ፈለገቻት። በ1951 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። ኢትዮጵያም ፈርማለች። በአንቀጽ 11 ጃፓን የጦር ወንጀል ፍርዶቹን ተቀበለች። ቻይናና ኮሪያ ግን ጉባኤው ላይ አልተጠሩም። ዋናዎቹ ተበዳዮች የሌሉበት እርቅ!

ስለ እኛ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከሰባቱ ብቸኛው ሲቪል ሂሮታ ኮኪ ነው። በ1936 መጨረሻ ጃፓን አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን (በነፃ አገር የሚከፈት፣ እንደ ኤምባሲ ያለ ቢሮ) ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የጣሊያንን ወረራ ስታጸድቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሱ ነበር። የተሰቀለው ለዚያ አይደለም፤ በዋናነት ለቻይና ነው። ኢትዮጵያ በበኩሏ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለፍርድ ላቅርብ ብላ ስትወተውት ኃያላኑ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የካቲት 12ን የሚያስታውስ ሰው የኮሪያ አሮጊቶች ለምን እንደማይረሱ ለመረዳት ብዙ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የጃፓን መንግሥት ሥልጣኑ በ1952 ሲመለስለት ምን አደረገ? ለእስረኞቹ ምሕረት እንዲደረግ ዘመቻ ተነሳ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ ሕግ አሻሽሎ የተሰቀሉት ሰዎች ቤተሰቦች እንደ ማንኛውም የወደቀ ወታደር ቤተሰብ አበል እንዲያገኙ ፈቀደ። ለእነዚህ ሟቾች የወጣላቸውን ስም ልብ በሉ፤ «ሆሙሺ» ይባላል። «በሕግ ጉዳይ የደረሰ ሞት» እንደማለት ነው። ወንጀልም ቅጣትም ውስጡ የለም። እንደ ወባ፣ እንደ መርከብ መስጠም ያለ አንድ የሞት ምክንያት። እንደገና ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር።

አሁን የያሱኩኒ መቅደስ ነገር ይገባናል። ብዙ ሰው መቃብር ይመስለዋል። አይደለም፤ አንድም አጥንት የለበትም። ያለው የስም መዝገብ ነው። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ለንጉሡ የሞቱ ወደ 2.46 ሚሊዮን ሰዎች ስም ተጽፎ፣ በሺንቶ ሥርዓት ነፍሳቸው እዚያ ተጠርቷል። የጤና ሚኒስቴር በ1966 ቶኪዮ ላይ የተፈረደባቸውን ሰዎች ስም ለመቅደሱ ላከ። የያኔው ሊቀ ካህን መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ዝም አሉ። እሳቸው ሞቱ፤ ተተኪው ማትሱዳይራ ናጋዮሺ በጥቅምት 1978 አሥራ አራቱን በጸጥታ አስገቧቸው፤ ቶጆንና የተሰቀሉትን ስድስት ጓደኞቹን፣ እስር ላይ የሞቱትንም። ሕዝቡ የሰማው በሚቀጥለው ዓመት ከጋዜጣ ነው።

በጣም የከፋቸው ሰው ማን ይመስላችኋል? ሂሮሂቶ። ከ1975 በኋላ መቅደሱን አልረገጡም። ምክንያቱ በ2006 ነው የታወቀው፤ የቤተ መንግሥት ባለሥልጣኑ የቶሚታ ማስታወሻ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ። ወንጀለኞቹ መግባታቸውን ስላልወደዱ ነው። ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም በንግሥናቸው ሄደው አያውቁም። በእሳቸው ምትክ የተሰቀሉት ሰዎች መቅደስ ሲገቡ እሳቸው ከመቅደሱ ቀሩ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ለየትኛው እንደምፈርድ አላውቅም።

ታዲያ ለምን አያወጧቸውም? ካህናቱ አይቻልም ይላሉ። ነፍስ አንዴ ከሌሎቹ ጋር ከተዋሐደች አትለይም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ይህን መልስ የሰሙት የቻይና ዲፕሎማቶች ብቻ አይደሉም። ለጃፓን ጦር ተመልምለው የሞቱ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ኮሪያውያን ስም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። ቤተሰቦቻቸው «የአባቴን ስም ሰርዙልኝ፣ ከገዳዮቹ ጋር አታስቀምጡብኝ» ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። መልሱ ያው ነው።

በመቅደሱ ግቢ በ2005 የቆመ አንድ ሐውልት አለ። የዳኛ ፓል ነው። ፓል በቶኪዮው ችሎት በሐሳብ ተለይተው ሁሉም ተከሳሾች ነፃ ይውጡ ያሉ ብቸኛው ዳኛ ናቸው። «ወራሪ ያልሆነው ማን ነው? ራሳችሁ ቅኝ ገዢዎች አይደላችሁም ወይ? ወረራን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በጊዜው የት ነበር?» የሚል ክርክር ነው። ከቅኝ ግዛት ለመጣ ሰው ይህ ክርክር ያጓጓል፤ እውነትም አለው። ግን የሐሳብ ልዩነታቸውን በሙሉ ያነበበ ሰው በቻይናዋ ናንጂንግና በፊሊፒንስ ግፍ ስለመፈጸሙ ማስረጃው የማያጠራጥር ነው ማለታቸውን ያገኛል። ሐውልቱን ያቆሙት ሰዎች ይህን ገጽ አይጠቅሱም። ነፃ ይውጡ ማለት አልሠሩትም ማለት መሰላቸው።

ጀርመንን በተመለከተ። ጀርመንም እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከጃፓን ብዙ አትሻልም ነበር፤ እዚያም ወንጀለኛ ተፈቷል፣ ተሹሟል። ልዩነቱ በኋላ መጣ። ከ1963 እስከ 1965 ፍራንክፈርት ላይ የጀርመን ዳኞች የአውሽቪትስ ጠባቂዎችን በጀርመን ሕግ ዳኙ። ያ ሥራ አላቆመም፤ በ2022 እንኳ 97 ዓመት የሞላቸው የቀድሞ የካምፕ ጸሐፊ ተፈርዶባቸዋል። ጃፓን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የጃፓን ፍርድ ቤት አንድንም ጃፓናዊ በጦር ወንጀል ከስሶ አያውቅም። ፍርዱ የባዕድ ሆኖ ቀረ። የባዕድ ፍርድን ደግሞ ወይ ትቀበለዋለህ፣ ወይ ትጠላዋለህ፤ የራስህ አታደርገውም።

ጃፓናውያን ሁሉ ዝም አሉ ካልኩ ግን ዋሸሁ። የታሪክ ምሁሩ ኢዬናጋ ሳቡሮ የመማሪያ መጽሐፋቸው ተቆራረጠብኝ ብለው በ1965 መንግሥትን ከሰሱ፤ ክርክሩ 32 ዓመት ፈጀ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ዩኒት 731 የጻፉትን ማስወጣት ሕገወጥ ነበር አለ። ከሁሉ የሚደንቁኝ ግን ከቻይና የተመለሱት ናቸው። ቻይና ፉሹንና ታይዩዋን ውስጥ ከያዘቻቸው ከሺህ በላይ ጃፓናውያን በ1956 የፈረደችባቸው 45 ብቻ ናቸው፤ አንድም አልሰቀለችም፤ ሌሎቹን ሸኘቻቸው። አገራቸው ገብተው ማኅበር አቋቋሙ። ለአሥርት ዓመታት በየአዳራሹ እየቆሙ፣ በስማቸው፣ «እኔ ገድያለሁ፤ እኔ መንደር አቃጥያለሁ» አሉ። ጎረቤት «አእምሯቸው ታጥቦ ነው» አላቸው። ማኅበሩ አባላቱ ሲያረጁ በ2002 ተበተነ። ያልኳችሁን የጠፋ ባለቤት ካገኘሁበት ቦታ አንዱ ይህ ነው፤ ከሚኒስትሮች መግለጫ ይልቅ ከእነዚህ ሽማግሌዎች አፍ።

የሱጋሞ እስር ቤት ፈርሶ በቦታው ሰንሻይን 60 የሚባል ሰማይ ጠቀስ ተሠርቷል። የተከፈተው በ1978 ነው፤ አሥራ አራቱ መቅደስ በገቡበት ዓመት። ሥሩ የገበያ ማዕከል አለ፣ የዓሣ ትርኢት አለ፣ ልጆች ይርመሰመሳሉ። አጠገቡ ካለው መናፈሻ ጥግ አንድ ድንጋይ ቆሟል። ፊቱ ላይ «ዘላለማዊ ሰላምን በመመኘት» ይላል። ማን እንደሚመኝ አይልም፤ መቼም ለምዳችሁታል። የተሰቀሉት ሰዎችም ስም የለም።

እዚያ እስር ቤት ከነበሩት አንዱ ሊ ሃክሬ ነው። ኮሪያዊ። በ1942 በ17 ዓመቱ የጃፓን ጦር የምርኮኛ ጠባቂ አድርጎ ቀጠረው፤ ታይላንድ ውስጥ ሂንቶክ በሚባል የባቡር ሐዲድ ካምፕ መደበው። ከአለቆቹ በታች፣ ከምርኮኞቹ በላይ። የታመሙ ምርኮኞችን ወደ ሥራ የሚያስወጣው እሱ ነበር። በ1947 የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ሲንጋፖር ላይ ሞት ፈረደበት፤ ስምንት ወር ሞትን ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ 20 ዓመት ተቀነሰለት። በጦር ወንጀል የተፈረደባቸው ኮሪያውያን 148 ናቸው፤ 23ቱ ተገድለዋል።

በሚያዝያ 1952 የሰላም ውሉ ሲጸና ኮሪያውያን የጃፓን ዜግነታቸውን አጡ። ሊና ጓደኞቹ «ጃፓናዊ ካልሆንን ለምን የጃፓንን ቅጣት እንታሰራለን?» ብለው አመለከቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ መለሰ፦ ሲፈረድባችሁ ጃፓናዊ ነበራችሁ፣ ስለዚህ ቅጣታችሁን ጨርሱ። ከእስር ሲወጡ ደግሞ የቀድሞ ወታደር ጡረታ ጠየቁ። ጡረታው ለጃፓናውያን ብቻ ነው ተባሉ። ለመታሰር ጃፓናዊ፣ ለጡረታ ኮሪያዊ።

ሊ በ1956 ተፈታ። ቶኪዮ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የታክሲ ድርጅት አቋቁሞ ኖረ። በ1991 አውስትራሊያ ሄዶ የሂንቶክ ምርኮኛ የነበሩትን ሐኪም ኤድዋርድ ደንሎፕን በአካል ይቅርታ ጠየቀ። የጃፓን ምክር ቤት ለእሱና ለጓደኞቹ አንድ ሕግ እንዲያወጣ በየቢሮው ሲመላለስ አረጀ። ሽማግሌው በመጋቢት 2021 በ96 ዓመታቸው አረፉ። ሕጉ አልወጣም።